አሥራ ሁለቱ ሳህኖች

እናቴ ለሚጠይቃት ሁሉ «ልጄ ካናዳ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው» ትላለች። አልዋሸችም። ነጭ ሽርጥ አለኝ፣ ሚዛን አለኝ፣ ዓይኔን ከብናኝ የሚጠብቅ መነጽር አለኝ። ላብራቶሪው ኢቶቢኮ ውስጥ ከአንድ የጎማ መጋዘን ጋር ግድግዳ የሚጋራ የሳህን ፋብሪካ መሆኑን ግን ትዘለዋለች። አንድ ጊዜ ሥራዬን በስልክ አንድ በአንድ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ይሄ ሸክላ መሥራት አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ሸክላ ሳይሆን ፖርሰሊን ነው አልኳት። እሱ እንደሚሻል ነገረችኝና ወደ ጎረቤት ወሬ አለፈች። አገሬ ለሸክላ ሠሪ ምን ስም እንዳወጣ አውቃለሁና አልተቀየምኳትም። እንደውም ሳቄ መጣ፤ አሥራ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ፣ ባሕር ተሻግሬ ጭቃ ላይ መውደቄ ለእኔም ያስቀኛል።

ወደ ቶሮንቶ የመጣሁት በነጥብ ተወዳድሬ ነው። ለቪዛው ትምህርቴ በሚገባ ተቆጥሮልኛል፤ ሥራ ፍለጋ ስወጣ ግን የቆጠረልኝ አልነበረም። በመጨረሻ የተቀጠርኩት ሳህን በወረቀት እየጠቀለልኩ ካርቶን ውስጥ ለመደርደር ነበር። ፋብሪካው ትንሽ ነው፤ ብንበዛ ስምንት ሰው ነን። ለምግብ ቤቶች በልዩ ትእዛዝ የፖርሰሊን ሳህን እንሠራለን። ባለቤቷ ስድሳውን ያለፈች፣ እጇ በጭቃ የተሰነጣጠቀ፣ ቃል የምትቆጥብ ካናዳዊት ናት።

ከምጠቀልልበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሳህኑን የሚያለብሱት ዱቄቶች መጠን በመቶኛ ተጽፏል። ድምሩ መቶ አራት ይመጣል። ሦስት ሳምንት ታገስኩ። የተሳሳተ ድምር ፊት ለፊት ተሰቅሎ ሳህን መጠቅለል እንዴት እንደሚያሳክክ ያስተማረ ሰው ያውቀዋል። በአራተኛው ሳምንት ማንም ሳያየኝ ጠመኔ አንስቼ አረምኩት፤ እጄ አላርፍ ብሎ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። በማግስቱ አለቃዬ ማን እንደነካው ስትጠይቅ የእንጀራ በሬን በገዛ እጄ የዘጋሁ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አስከትላኝ ወደ ኋላ ክፍል ገባችና ችግሯን ነገረችኝ።

ሳህንን የሚሸፍነው ስስ የመስታወት ልባስ ግሌዝ ይባላል። የተፈጨ ድንጋይ በውሃ ተበጥብጦ እንደ አጥሚት ይሆናል፤ ሳህኑ ይነከርበታል፤ እቶን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ዱቄቱ ቀልጦ መስታወት ይሆናል። የእሷ ግሌዝ እንደ እርጎ ደብዘዝ ያለ፣ ሲዳስሱት ለስለስ የሚል ነው። ምግብ ቤቶች የሚወዷት በእሱ ነው። ቢላዋ ሲነካው ግን እርሳስ የተሰመረበት ይመስል ግራጫ መስመር ይቀርበታል። ስድስት ወር ሳይሞላ ሳህኑ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ይሆናል። ደንበኞች ዕቃ መመለስ ጀምረዋል። በፀደይ የሚከፈት አንድ ትልቅ ምግብ ቤት ሳህኑን በሙሉ ከእሷ ሊወስድ አስቧል፤ የማይጫር መሆኑ ይረጋገጥልኝ ይላል። መልኩ ሳይቀየር የሚጠነክር ግሌዝ ካገኘሁላት የኋላው ክፍል የእኔ ነው፤ ባለሙያ ሆኜ እቀጠራለሁ። ካላገኘሁ ከትልቅ ኩባንያ የተዘጋጀ ትገዛለች፤ እኔም ወደ ካርቶኔ እመለሳለሁ። ይህን ሁሉ የተናገረችው በሁለት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ድምጿን የሰማሁ አይመስለኝም።

ያን ሰመር ሙሉ ብስኩት የሚያካክሉ የፖርሰሊን ቁራጮች እየነከርኩ፣ ጀርባቸው ላይ ቁጥር እየጻፍኩ አሳለፍኩ። ሲሊካ የሚባለውን የአሸዋ ዱቄት ስጨምር ይጠነክራል፤ ግን እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። አለቃዬ ታየውና «የሆስፒታል ሳህን» ብላ ትሄዳለች። ስቀንስ ይለሰልሳል፤ ግን ሎሚ ይበላዋል። አንድ ቀን ቶሎ ልጨርስ ብዬ ባልዲ ሙሉ ካኦሊን፣ ያን ነጭ የአፈር ዱቄት፣ ደፍቼ ስጠርግ ዋልኩ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው። ደስ ይለኝ ነበር ታዲያ። አሥራ አንድ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩት ቀመር ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ላይ ቀልጦ፣ በርዶ፣ በጣቴ ስነካው አየሁት።

ቁጥር ስልሳ አንድ ከእቶን ሲወጣ እርጎ ራሱ ነበር። አንዱ ቁራጭ ላይ የሎሚ ስንጣቂ አሳደርኩበት፤ ምንም። ሌላውን የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ሳሙና በሚሠራበት በሶዳ አሽ ውሃ ቀቀልኩት፤ ምንም። ሦስተኛውን በቢላዋ ፋቅሁት፤ መስመሩ በስፖንጅ ለቀቀ። በሩን ገፋ አድርጌ ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ። አለቃዬ ግን አገላብጣ አየችውና ላብራቶሪና የሰው ቤት አንድ አይደሉም አለችኝ። ሰው በየቀኑ ይብላበት፣ ሦስት ወር ይፈተን፣ ከዚያ ለምግብ ቤቱ ቃል እሰጣለሁ አለች። የእሷ ጓደኞች ሁሉ ሳህን ሠሪዎች ናቸው፤ ሳህን ሲያዩ ይሳሳሉ፤ ስለዚህ ለእነሱ መስጠት አልፈለገችም። እኔም ይሄኔ ምላሴ ቀደመኝ። የእኔ ሰዎች አይሳሱም፣ ሎሚውም በርበሬውም ከቤታቸው አይጠፋም፣ ለሳህን አይራሩም አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሥራ ሁለት ሳህን አስረከበችኝ።

እንግዲህ ጥፋቱን የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ተብዬ ያደግኩ ነኝ፤ ዕቃም እንዲያው በፌስታል አይሰጥም። ከዶላር ሱቅ ወርቃማ ወረቀትና ቀይ ሪባን ገዛሁና አሥራ ሁለቱንም አሳምሬ ጠቀለልኳቸው። በየውስጣቸው «በየቀኑ ይብሉበት፤ አይሳሱለት» የሚል ወረቀት ከተትኩ። ከዚያ በአውቶቡስም በሳብዌይም እየዞርኩ ለዘመድ ወዳጅ አደልኩ። ሁሉም ተነሥቶ ተቀበለኝ፣ ሁሉም መረቀኝ። አንዷ እንዲያውም አለቀሰች። ሪባን ሲፈታ ያላየሁ መሆኔን ያኔ ልብ አላልኩም።

በየሁለት ሳምንቱ ስልክ እደውላለሁ። ምንም አልሆነም ይሉኛል። እንደ አዲስ ነው ይሉኛል። እጅሽ ይባረክ ይሉኛል። ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ «ጭረት» በሚለው ሥር «የለም» እያልኩ ሞላሁ። ሦስት ወሩ ሲያልቅ አሥራ ሁለት ቤት፣ አሥራ ሁለት «የለም»። ለአለቃዬ ሳሳያት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁት። ወዲያው ምግብ ቤቱን ልታነጋግር ተነሣች፤ እኔም የኋላው ክፍል በር ላይ ምን ዓይነት መጋረጃ እንደሚያምር ማሰብ ጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን ቶርንክሊፍ ፓርክ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለልጇ ልደት ጠራችኝ። ምግቡ በወረቀት ሳህን ቀረበ። እኔ ዓይኔ ሳህኔን ይፈልጋል። ቀና ስል ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹና ከሠርጓ ፎቶ መካከል ቆሞ አየሁት። ወርቃማ ወረቀቱ በወጉ ተገልጦ፣ ሪባኑ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ነው። ክው አልኩ። ተበልቶበት ያውቃል ወይ ብዬ ስጠይቃት የተሰደበች ያህል አየችኝ።

«እንዴ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ዲሽዋሸር ውስጥ ይገባል?» አለችኝ። «እንግዳ በመጣ ቁጥር እኮ ሾው አደርገዋለሁ።»

ታዲያ በስልክ ምንም አልሆነም ያልሽኝ ምን ማለትሽ ነው አልኳት። ምን ሆነ ታዲያ አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ምንም አልሆነም።

ከዚያ ቤት ወጥቼ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሜ ሌሎቹ ጋ ደወልኩ። አንዱ ሳህን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አንዱ ገና ከነመጠቅለያው አልጋ ሥር ነው። አንዱ ለሠርግ ስጦታ ተላልፎ ካልጋሪ ገብቷል። አንዱ በሰው እጅ አዲስ አበባ ተልኮ የአንዲት እናት ቡፌ ውስጥ ነው። ሁሉም በየልኩ አክብሮኛል። የሰውን ስጦታ ማክበር ምን እንደሆነ ለእኔ አስተማሪ አያስፈልገኝም፤ የራሴ እናት እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ያልተነኩ ብርጭቆዎች አሏት። በእነሱ ልናደድ ፈልጌ አቃተኝ። በራሴ ግን ተናደድኩ። ሪባኑን ያሰርኩት እኔ ነኝ።

የቀሩኝ ሴንት ጄምስ ታውን ያሉት ጋሼ ነበሩ። ጋሼ በወጣትነታቸው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበሩ። በሱዳን በኩል ተሰደው ቶሮንቶ ከገቡ ወዲህ ጡረታ እስኪወጡ የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቁ ኖረዋል። ብቻቸውን ናቸው፤ ከመጣሁ ጀምሮ እንደ ልጃቸው ያዩኛል። ስልክ አላነሡም፤ በማግስቱ ሄድኩ። ሻይ ቀረበልኝ። ሳህኑን ሳነሣባቸው ወሬውን ወደ ሊፍቱ መበላሸት ወሰዱት። ደግሜ ሳነሣው ወደ ዶክተራቸው ወሰዱት፤ ጨው ስለከለከላቸው ምግቡ ሁሉ ላይ ሎሚ ይጨምቃሉ። ብርጭቆዬን ላጥብ ብዬ ወደ ማድቤቱ ስሄድ ተከትለውኝ ተነሡ፤ ግን አልደረሱብኝም። ሳህኔ ከዕቃ ማንጠፍጠፊያው ላይ፣ ከድስት ክዳን ጀርባ ተሸሽጎ ነበር።

አነሣሁት። መሐሉ በግራጫ መስመር ተሞልቷል። ሎሚ የሚቆረጥበት ጎን እርጎነቱ ጠፍቶ እንደ ጠመኔ ሻክሯል። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ወለሉን ያያሉ።

«ልጄ፣ አበላሸሁብሽ» አሉ። «ብሉበት ብለሽ ስለጻፍሽ በየቀኑ በላሁበት። ሲቆሽሽብኝ ጊዜ በድስት ሽቦ ፈተግሁት፤ ባሰበት። በስልክ ደህና ነው ያልኩሽ አፍሬ ነው። ዋጋውን ንገሪኝና ልክፈል።»

እኔ የሠራሁት ዕቃ ከሽፎ እሳቸው ይቅርታ ይጠይቁኛል። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርስዎ አይደለም አልኳቸው። መስመሮቹን እያሳየሁ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ቁጥር ስልሳ አንድን ስፈትነው ሎሚውን ለብቻ፣ ቢላዋውን ለብቻ ነበር። እሳቸው ቤት ግን ሎሚው ፊቱን ያላላዋል፣ ሽቦው ያሻክረዋል፣ ቢላዋው ይጽፍበታል፤ በማግስቱም እንደገና። ምግብ ቤት ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ጋሼ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ ያመኑኝ ግን አይመስለኝም። እያጽናናኋቸው መሰላቸው።

ወደ ቤት ስመለስ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ፤ አልደብቅም። ሆዴ ይፍጀው ብል ማን ያውቃል? አሥራ አንዱ አልተነኩም፤ አሥራ ሁለተኛውን ጋሼ ራሳቸው ደብቀውታል። ሳህኑ ተሠርቶ ይላካል፣ ክፍሉ የእኔ ይሆናል፣ ጭረቱ ሲወጣ ደግሞ የአጣቢው ጥፋት ነው ይባላል። ሳብዌይ ውስጥ ሦስት ጣቢያ ያህል በዚህ ሐሳብ ተጓዝኩ። ያስጣለኝ ጨዋነት አይደለም፣ የአስተማሪነት አመሌ ነው፤ የተሳሳተ መልስ ልክ ተብሎ ሲያልፍ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጠዋት የጋሼን ሳህን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ቡፌ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አስረዳኋት። አያቷም እንደዚያ ዓይነት ቁም ሣጥን እንደነበራት ነገረችኝና ጭረቶቹን በጣቷ ዳሰሰች። ካርቶኖቹን በዓይኔ እየፈለግሁ ነበር። ከዚያ ስልኩን አንሥታ ለምግብ ቤቱ ደወለች፤ ሳህኑ ገና መሆኑን ነገረቻቸው። ለመክፈቻው የሌላ ሰው ሳህን ይግዙ፣ የእኛን በመከር እንሰጣለን ብላ ለመነች። ስልኩን ስትዘጋ እስከ መከር ድረስ ጊዜ እንዳለኝ፣ ከዚያ በኋላ ግን እንደማትለምንልኝ ነገረችኝ።

ሁለተኛውን ዙር ተጠንቅቄ ጀመርኩ። አሁን ቁራጮቹን በሎሚ አሳድሬ፣ በሽቦ ፈትጌ፣ በቢላዋ ፍቄ፣ ያንኑ እየደጋገምኩ ነበር የምፈትነው። ቁጥር ሰባ አራት ይህን ሁሉ አለፈ። በእሱ ከለበሱት አሥራ ሁለት አዲስ ሳህኖች አሥራ አንዱን በተቀዳደደ ጋዜጣ ጠቅልዬ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ፋብሪካ ውስጥ ተበላሽቶ ሊጣል ሲል ነው ያመጣሁት፣ ለልጆች ይሁን አልኩ። ውሸት ነው፤ ግን ሠራ። የአክስቴ ልጅ እዚያው እያየሁ ሽንኩርት ከተፈችበት። አንደኛው ቤት የድመት መብያ ሆነ። ሌላው ቤት ትኩስ ድስት ይቀመጥበታል። እንዲህ ያለ ጭካኔ በሕልሜም አይቼ አላውቅም፤ ደስ አለኝ።

ለጋሼ ግን መዋሸት አልቻልኩም። አሥራ ሁለተኛውን ሰጠኋቸውና አንድ ነገር ለመንኳቸው። እንዲያመሰግኑኝ አልፈልግም፤ ክፉውን ይፈልጉልኝ፣ ሲያገኙም ፊት ለፊት ይንገሩኝ አልኩ። የሰውን ስጦታ ማናናቅ ነውር መሆኑን ነገሩኝ። ስጦታ ሳይሆን ሥራ ነው አልኳቸው። ይሉኝታ ይዟቸው ብዙ ካንገራገሩ በኋላ እሺ አሉ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ኮል አደረጉልኝ። ስለ አየሩ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ስለገዛው መኪና ነገሩኝ። ሰላምታው አላልቅ ሲል አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ጋሼ፣ ሳህኑስ?» አልኳቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ጥሩ አይደለም» አሉ። «ቢላዋውን ችሎታል። ሎሚው የሚያርፍበት ጋ ግን ሲዳስሱት ይሻክራል። እኔ ደጋግሜ ነው የዳሰስኩት። አዝናለሁ።»

ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩበት። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ከንፈሬ ይስቃል። ካናዳ ከገባሁ ጀምሮ ብዙ ሰው መርቆኛል፤ ስለ እኔ ብሎ ግን ይሉኝታውን የጣለ ሰው አልነበረም። ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ሰው ያቺን አንድ ቃል ለመናገር ስንት ቀን እንደተለማመዱ ድምፃቸው ይናገር ነበር። እጅዎን እስማለሁ አልኳቸው። ምን አልኩሽና አሉ ግራ ገብቷቸው።

ቅመማውን እንደገና አስተካከልኩ፤ ሲሊካውን ጥቂት ከፍ፣ ግሌዙ ውስጥ የሚገባውን የጠመኔ ዱቄት ጥቂት ዝቅ፣ የእቶኑን አበራረድ ቀስ ያለ። ቁጥር ሰባ ዘጠኝ ወጣና እንደገና አደልኩ። ሦስት ወሩ ሲያልቅ አሥራ አንዱን ሳህን ከየቤቱ ራሴ ሰብስቤ በብርሃን አየኋቸው፤ የድመቷ እንኳ ሳይቀር ንጹሕ ነበር። መከሩ ደርሷል። አለቃዬ ከዚህ በላይ ምን እንደምጠብቅ ጠየቀችኝ። አንድ ሰው እየጠበቅሁ ነው አልኳትና እዚያው ፊቷ ቆሜ ለጋሼ ደወልኩ።

«ምንም አላገኘሁበትም» አሉ ቅር እያላቸው። «በዓይኔም በጣቴም ፈለግሁ። በማጉያ መነጽርም አየሁት። አንድ ወር ብትጨምሪልኝ አንድ ነገር አላጣበትም።»

አይ ጋሼ፣ በቃ አልኳቸው። አመንኳቸው። ያን ሁሉ ስልክ ስደውል ክፉውን በአፋቸው የነገሩኝ ብቸኛው ሰው እሳቸው ናቸውና «ምንም» ሲሉኝ ምንም ማለታቸው ነው። ስልኩን ሳልዘጋ ወደ አለቃዬ ዞርኩና ለምግብ ቤቱ ደውዪላቸው አልኳት።